ቅጠሏን ሳራግፍላት አበበች

የጓሮዬ ኮክ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አፈራች። 38 ፍሬ ለቀምኩ። ሞቅ ያለ ወይና ደጋ ላይ ኮክ ለተከላችሁ ሁሉ ያደረግኩትን ላካፍላችሁ።

ቢሾፍቱ ከተከልኳት አራት ዓመቷ ነው። ሦስቱን ዓመት ቅጠል ብቻ ነበረች። ቁመቷ ከአጥሩ አልፏል፤ አበባዋ ግን እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ። ፋንድያ ጨመርኩ፣ ውሃ ጨመርኩ። ቅጠሉ ባሰበት።

ለካ የጎደላት ብርድ ነው። ኮክ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ለብዙ ሰዓት ካላገኘ እምቡጡ ከእንቅልፉ በወጉ አይነቃም። 800 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚፈልጉ ዝርያዎች አሉ። ለሞቃት አካባቢ ፍሎሪዳ ውስጥ የወጣው ፍሎርዳፕሪንስ ግን 150 ገደማ ይበቃዋል። የኔዋ ዝርያዋ አይታወቅም፤ ከገበያ የገዛኋት ችግኝ ናት።

መላውን ያገኘሁት ከኢንዶኔዥያ የአፕል ገበሬዎች ነው። ምሥራቅ ጃቫ ውስጥ ባቱ የምትባል ከተማ አለች፤ ከኛዋ ባቱ ጋር ሞክሼ ናት። እዚያ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ቅጠሉን በእጅ ያራግፉታል። ዛፉ ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ሳይገባ እንደገና ያብባል። በዓመት ሁለቴ ያመርታሉ።

እኔም ጥቅምት ላይ ውሃ ቀነስኩባት። ህዳር መጀመሪያ ላይ ቅጠሏን ማንሳት ጀመርኩ። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ! ቅጠሉን ላጥ ሳደርገው እምቡጡ አብሮ ተነሳ። ከዚያ በኋላ በመቀስ ያዝኩት፤ የቅጠሉን ጭራ ትቼ ቆረጥኩ። ጭራው በሳምንት ውስጥ ቢጫ ሆኖ ራሱ ወደቀ። ጭራው የነበረበትን ቦታ ጠጋ ብዬ ሳየው ሦስት እምቡጦች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ግራና ቀኝ ያሉት ወፈር ያሉት አበባ ናቸው፣ መሃል ያለው ቀጭኑ ቅጠል። ሁለት ቀን ሙሉ ስቆርጥ ዋልኩ። ከዚያ ጠጥታ እስክትጠግብ አጠጣኋት።

ታህሳስ አጋማሽ ላይ ባዶው ቅርንጫፍ ሮዝ ለበሰ። በጠዋት ቡናዬን ይዤ ሥሯ ቆሜ ዝም ብዬ አየኋት።

ፍሬው አውራ ጣት ሲያህል በየስንዝሩ አንድ እየተውኩ አሳሳሁት። አንጀት አይችልም፣ ግን ካልተሳሳ ፍሬው አያድግም። ለፍራፍሬ ዝንብ ደግሞ እያንዳንዱን በወረቀት ከረጢት አሰርኩት። ያልታሰሩት አምስቱ ተልተዋል።

ሚያዝያ ላይ ክረምቱ ሳይገባ ለቀምን። አሁን ገርዣታለሁ፤ ኮክ የሚያፈራው ባለፈው ዓመት በወጣ ቀንበጥ ላይ ነውና። ህዳር ላይ ደግሞ ግማሽ ጎኗን ሁለት ሳምንት አዘግይቼ ላራግፍና ልዩነቱን ልይ።