የተሰበረ የኦቭን በር እጀታ መቀየር

የኦቭን በር እጀታ ሲሰበር ብዙ ሰው ወይ በሱፐር ግሉ ያጣብቀዋል፣ ወይ በሩን በጨርቅ እየፈለቀቀ መጋገሩን ይቀጥላል። ሁለቱንም አልመክርም። ተራው ሱፐር ግሉ ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ እየላላ ስለሚሄድ አንድ ቀን በሩ በግማሽ ተከፍቶ ሳለ እጀታው እጅ ላይ ይቀራል፤ በጨርቅ መክፈቱ ደግሞ ጣትን ከጋለ መስታወት ጋር ማገናኘት ነው።

አዳማ በሚገኘው ቤታችን የተሰበረው የብረቱ ዘንግ ሳይሆን ዘንጉን ከበሩ ጋር የሚያያይዘው የግራው የፕላስቲክ እግር ነበር። ስብራቱን ወደ መስኮት አስጠግቼ ሳየው ውስጡ ገርጥቷል፤ በጥፍር ሲነካም እንደ ደረቅ ኖራ ይፈረፈራል። ይህ ለረጅም ጊዜ ሙቀት የበላው ፕላስቲክ ምልክት ስለሆነ አዲስ እጀታ ከመፈለጌ በፊት ሙቀቱ በየት በኩል እንደሚወጣ ማወቅ ነበረብኝ። ኦቭኑ በቀዘቀዘበት ሰዓት ቁራጭ ወረቀት በበሩና በዙሪያው ጎማ መካከል አድርጎ በሩን ዘግቶ ወረቀቱን መሳብ ለዚህ በቂ ነው፤ ጎማው ጤነኛ ከሆነ ወረቀቱን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። የእኛው በጎንና በታች በኩል በደንብ ሲይዝ፣ ከላይ በግራ ጥግ፣ ልክ ከተሰበረው እግር አጠገብ፣ ወረቀቱን ያለ ምንም ትግል ለቀቀው።

የእጀታው ብሎኖች ከውጭ አይታዩም፤ የሚፈቱት ከበሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪኩን ከሶኬት ነቅሎ፣ ጋዝ ካለውም ሲሊንደሩን ዘግቶ መጀመር ይገባል። እኛ ቤት እንዳለው ባሉ በብዙዎቹ ኦቭኖች በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ በሁለቱም ማጠፊያዎች ላይ ያሉት ትንንሽ መቆለፊያዎች ከተገለበጡ በኋላ በሩን በከፊል መለስ አድርጎ ወደ ላይ በማንሳት ይወጣል። መቆለፊያዎቹን ሳይገለብጡ በሩን መንቀል ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የማጠፊያው ስፕሪንግ ጣት ሊሰብር በሚችል ኃይል ይዘጋል። የወጣው በር ወፍራም ብርድ ልብስ ላይ ተጋድሞ የውስጠኛው መስታወት ሲነሳ የብሎኖቹ ራስ ይታያል፣ በካቻቢቴም ይፈታል።

የበሩ መስታወት በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ ቀዳዳዎቹ የተበሱት ከመጠንከሩ በፊት ነው፤ አሁን በድሪል አዲስ ቀዳዳ ልክፈት የሚል ሰው መስታወቱን በሙሉ ወደ ጥራጥሬ ይለውጠዋል። በዚህ ምክንያት እጀታው ለቀዳዳዎቹ መስማማት አለበት እንጂ ቀዳዳዎቹ ለእጀታው አይስማሙም። በቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ለመለካት ከአንዱ ቀዳዳ ግራ ጠርዝ እስከ ሌላው ቀዳዳ ግራ ጠርዝ መለካት ነው፤ መሀሉን በዓይን ከመገመት እጅግ ይሻላል።

የዚያ ሞዴል እጀታ ከተማው ውስጥ ስላላገኘሁ አሮጌዎቹን እግሮች ይዤ ወደ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። «ጋሼ፣ ይህን በአልሙኒየም ሊያወጡልኝ ይችላሉ?» ብዬ ስጠይቃቸው አገላብጠው አዩትና «ይቻላል ልጄ፤ ግን ብረት መስታወት ላይ እንዳይቀመጥ ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ጎማ ጣልቃ አግቢበት» አሉኝ። ምክራቸው ትክክል ነበር፤ የጠነከረ መስታወት ሰፊ ጫናን ቢችልም በአንድ ነጥብ ላይ ያረፈ የብረት ግፊትን አይወድም።

ሲገጠም ሁለቱንም ብሎኖች በእጅ አስጀምሮ በየተራ ጥቂት በጥቂት ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ አንዱ መጀመሪያ ከጠበቀ ሌላው ቀዳዳውን ይስታል። የብሎኑም ርዝመት ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን፤ የረዘመው የጠበቀ መስሎ እጀታውን ልል አድርጎ ይተወዋል። ከመጀመሪያው መጋገር በኋላ፣ በሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ፣ እጀታውን ነቅነቅ አድርጎ መፈተሽ፣ ከላላም ብሎኖቹን እንደገና ማጥበቅ ጥሩ ነው።

ጎማውን ግን እንዳለ መተው አዲሱንም እጀታ ለዚያው ሙቀት አሳልፎ መስጠት ይሆን ነበር። የእኛው በየጥጉ ባሉ ትንንሽ የሽቦ ማንጠልጠያዎች ብቻ የተያዘ ስለሆነ ያለ ምንም መሣሪያ ወጥቶ በአዲስ ተተካ፤ በወረቀት ስፈትሸውም የላይኛው ግራ ጥግ እንደ ሌሎቹ አጥብቆ ያዘ።