እንጀራ በግራ እጅ

እናቴ ደሴ ሆና በደወለች ቁጥር «ሥራህ ግን ምንድን ነው?» ትለኛለች። ነርስ አይደለሁም። ፊዚዮቴራፒስትም አይደለሁም። እንግሊዝ አገር፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ ስትሮክ የመታቸው ሰዎች የሚያገግሙበት ክፍል የኦኩፔሽናል ቴራፒ ረዳት ነኝ። ፊዚዮዎቹ ሰውየውን ያቆሙታል፣ ያራምዱታል። ቆሞ ምን ይሠራል የሚለው የእኛ ነው፤ ፊት መታጠብ፣ ሸሚዝ መልበስ፣ ሽንት ቤት ደርሶ መመለስ፣ ሻይ ማፍላት። ቴራፒስቷ መርምራ እቅድ ታወጣለች። እኔ በየቀኑ አለማምዳለሁ።

አንድ ቀን ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ስጨርስ «ሰው አለብሳለሁ አትለኝም?» አለች።

አይ እማዬ። ደሞዝ የሚከፈለኝ ላለማልበስ ነው።

ይህ የገባኝ ተቆጥተውኝ ነው። ገና ወር አልሞላኝም። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸው አንድ ጡረተኛ ሾፌር ነበሩ። ሸሚዝ ሲለበስ የታመመው ክንድ ይቀድማል፤ ሲወለቅ መጨረሻ ይወጣል። ሰውየው ግን የቀኝ አንጎላቸው በመጎዳቱ ግራ እጅ እንዳላቸው ራሱ ይዘነጉታል። ከሳህናቸው የቀኙን ግማሽ በልተው «አነሰኝ» የሚሉ ናቸው። ሳህኑን ስናዞርላቸው ሌላ ምግብ የመጣ ይመስላቸዋል። ያን ቀን እጅጌውን እንደምንም አግኝተው ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ሲደርሱ ሩብ ሰዓት አለፈ። አላስቻለኝም። ጎንበስ ብዬ የቀሩትን ቆለፍኩላቸው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ!

ቴራፒስቷ ኮሪደር ላይ ጠርታ «ልምምዳቸውን ወሰድክባቸው» አለችኝ። አንጎል የጠፋበትን መንገድ መልሶ የሚያገኘው ደጋግሞ ሲሞክር ነው፤ እኔ ስቆልፍ የሚለማመደው የእኔ አንጎል ነው። ከዚያ ወዲህ እጄን ከኋላዬ አጣምሬ እቆማለሁ። ያልቀለለኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው። እኛ ቤት ሰው ከታመመ ውሃ እንኳ በእጁ አይነካም።

ሌላው ጉድ ኪችኑ ነው። «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» ተብዬ ያደግሁ ሰው፣ ዛሬ ሌላው ሻይ ማፍላት መቻል አለመቻሉን ቆሜ እመዝናለሁ። ሻይ ቀላል ይመስላል። ውሃ መቅዳት፣ ማንቆርቆሪያውን መሰካት፣ መጠበቅ፣ ሳይቃጠሉ ማፍሰስ፤ ቅደም ተከተሉ ሲጠፋ ነው የሚታወቀው። የሻይ ከረጢቱን ማንቆርቆሪያው ውስጥ የከተተ ሰው አይቻለሁ። አንዲት አሮጊት ደግሞ ፈተናውን አልፈው ሲያበቁ እኔን ጣሉኝ፤ ወተቱን አስቀድሜ በመጨመሬ።

ጊዜ ግን የለንም። የዚህ አገር የሕክምና መመሪያ በ2023 ተሻሽሎ፣ ለእያንዳንዱ የቴራፒ ዓይነት 45 ደቂቃ የነበረው ቀርቶ ታማሚው በድምሩ በቀን ቢያንስ 3 ሰዓት፣ በሳምንት ቢያንስ 5 ቀን ያግኝ ይላል። ጥሩ ነው። ባለን ሰው ቁጥር ግን ሒሳቡን እኔ አልሞክረውም።

አምና አንዲት የወሎ እናት መጡ። (ሰው እንዳይለያቸው አንዳንዱን ቀይሬ ነው የምጽፈው።) ቀኝ ጎናቸውን መትቷቸው ቋንቋቸውም አብሮ ተይዟል። ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል፤ የሚወጣላቸው ግን አንድ ሁለት ቃል ነው። ልጃቸው ሲመጣ ብብታቸው ሥር ገብቶ ብድግ ሊያደርጋቸው ሲል «ወንድሜ፣ ቀስ!» ብዬ ጮህኩ። ትከሻን ከቦታው የሚይዘው ጡንቻ ነው። ጡንቻው ሲዝል ክንዱ ከጉድጓዱ ወረድ ይላል፤ ያን ጊዜ ብብት ይዞ ማንሳት ወይም እጅ መጎተት ለወራት የማይለቅ ሕመም ያመጣል። ልጁ ደነገጠ። በፍቅር ነው እኮ የሚያነሳቸው።

የሆስፒታሉን ምግብ አልነካ አሉ። የንግግር ቴራፒስቷ አዋዋጣቸውን አይታ ስትፈቅድ ልጃቸው እንጀራና ሽሮ አመጣ። ወዲያው ማጉረስ ጀመረ። «ተው፣ ራሳቸው ይብሉ» አልኩት። እንዴት እንዳየኝ አልረሳውም።

መሣሪያ ሞልቶናል። እጀታው የወፈረ ማንኪያ፣ በአንድ እጅ እያወዛወዙ የሚቆርጡበት ቢላ፣ ዳር ዳሩ የተከለለ ሳህን። ሁሉም ለሹካና ለቢላ የተሠራ ነው፤ ፈረንጅ ለመብላት ሁለት እጅ ይፈልጋል። እንጀራ አንድ እጅ ይበቃዋል። ችግሩ የትኛው እጅ የሚለው ነው። ትሪውን ወደ ግራቸው አስጠግቼ «እማማ፣ በዚህኛው ይሞክሩ» ስላቸው ፊታቸውን አዞሩ።

«ሸይጧን» አሉ። ጥርት ብላ የወጣች ቃል ናት።

ቴራፒስቷ «ምን አሉ?» አለችኝ። እንዴት ብዬ ልተርጉመው? በግራ መብላት በእስልምና የተከለከለ መሆኑን፣ ክርስቲያኑም ቢሆን ነውር እንደሚለው ነገርኳት። ማስታወሻዋን ዘግታ አሰበች። ማታውን ልጃቸው ሼኽ ደውሎ ጠየቀ። «ዑዝር (በቂ ምክንያት) ካለ ይፈቀዳል» ብለውታል። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርጎ ከሼኹ አፍ አሰማቸው።

በማግስቱ ከሳህኑ ሥር የማያንሸራትት ምንጣፍ አነጠፍን። የቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አውጥተን የሳህኑን ጠርዝ እንዲደግፍ አደረግን፤ ዓይናቸው እንዲያየው፣ እሱም ከማዕዱ እንዳይቀር። በግራቸው ቢስሚላህ ብለው ቆረሱ። ሽሮው ተንጠባጠበ። ሌላ ቆረሱ። እኔ እጄን ከኋላዬ አጣምሬ ቆሜያለሁ፤ ጣቶቼ ያሳክኩኛል።

በአራተኛው ቀን ጠቅልለው ወደ እኔ ዘረጉ። «እንካ» አሉኝ። ሥራ ላይ የታማሚ ምግብ አይበላም። እጄን ሳልፈታ ጎንበስ አልኩና አፌን ከፈትኩ። ግማሹ ዩኒፎርሜ ላይ ቀረ።

መዝገባቸው ላይ «በግራ እጃቸው ያለ እርዳታ ምሳቸውን ጨርሰዋል» ብዬ ጻፍኩ። ስለ ጉርሻው አልጻፍኩም።