ሳሎኑ ያምራል፤ አክስታችን የት ይቀመጡ?

ጅማ ውስጥ አሁን የሚሠሩት ቪላዎች ብዙዎቹ ጣሪያቸው አይታይም። ግድግዳው ከቆርቆሮው በላይ ከፍ ብሎ ይሸፍነዋል። ከግድግዳው አልፎ የሚወጣ ክፈፍ የሚባል ነገር የላቸውም። ከመንገድ ሲያዩዋቸው ንጹሕ ናቸው፤ ዓይኔ ይወዳቸዋል። ግን ከተማችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርድባታል። የተደበቀው አሸንዳ በቅጠል ሲደፈን ውሃው የት ይሂድ? ወደ ውስጥ ነዋ።

ታናሽ ወንድሜ እንዲህ ያለ ቤት አሠርቷል። ሳሎኑ ሲገቡበት ልብ ያሰፋል። ሐምሌ ሲመጣ ግን ጥግ ላይ ባልዲ ይቀመጣል። ሶፋው ደግሞ ከቤቱ ጋር እንዲሄድ ተብሎ ከወለሉ ብዙም ከፍ አላለም። አክስታችን ቡና ሊጠጡ መጥተው ተቀመጡና መነሳት አቃታቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። «ልጄ፣ በርጩማ የለም እንዴ?» አሉ። አልነበረም። ሳሎኑን ያበላሻል ተብሎ ቀርቷል። በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። ጅማ ተቀምጦ በርጩማ የሌለው ቤት!

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው። ብዙ ጊዜ እንጨቱ ዋንዛ ነው። ሚስማር የለው፣ ሙጫ የለው። መቀመጫው ጎድጎድ ያለው ሰው እንዲመቸው ነው። ሦስት እግር የሆነውም በምክንያት ነው፤ ሦስት እግር ወጣ ገባ መሬት ላይ አይወዛወዝም። አጭር ስለሆነና እግሮቹ ወደ ውጭ ስለተከፈቱ በቀላሉ አይገለበጥም። ጠራቢው ስለሚቀመጠው ሰው እያሰበ ሲጠርብ ውበቱ አብሮ መጣ።

አሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይትም ሦስት እግር ያለው ወንበር ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1939 ለተመረቀው የጆንሰን ዋክስ ሕንፃ ሠራተኞች ነበር። ከፊት ያለው እግር አንድ ብቻ ነው። ሰው እግሩን ከወለሉ አንስቶ ወደ ጎን ካዘነበለ ይገለብጠዋል። በኋላ አራተኛ እግር ተጨመረለት። ለ ኮርቡዚዬ የተባለው አርክቴክት የሠራው፣ ፓሪስ አጠገብ ያለው ቪላ ሳቮዬም ያው ነው። ዓለም የሚያደንቀው ቤት ነው፤ የቤቱ እመቤት ግን ጣሪያው ያፈሳል እያሉ ለአርክቴክቱ ደጋግመው ጽፈዋል። እኔ እኚህን ሴትዮ አምናቸዋለሁ። ፎቶ አንሺው ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፤ ባልዲውን የሚደፉት እሳቸው ናቸው።

ውበት ይቅር አላልኩም። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው እንዲህ አይልም። የእንጨት ሥራው ዓይን ይይዛል፤ ጣሪያው ደግሞ ከግድግዳው አልፎ በረንዳውን ይከልላል። ዝናብ ሲጥል እዚያ ቆሞ ማውራት ይቻላል። እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለውን ትተን ዝናባችንን የማያውቅ ሰው ፎቶ ለምን እንገለብጣለን?

ወንድሜ ከመስቀል በኋላ ክፈፍ ሊያስወጣ ነው። የቤቱ ግንባር ይበላሻል ብሎ ተጨንቋል። ጅሬን ወጥተህ እይ፣ የምትሄደው ግን ዝናብ ባለበት ቀን ይሁን አልኩት። በርጩማውን እኔ አዝዣለሁ።