ከመሬት የተቀዳ ወይን ጠጅ

መሽቷል። ትብሊሲ፣ ሆቴል ክፍሌ ውስጥ ነኝ። ከንፈሬ አሁንም እንደጠቆረ ነው።

ዛሬ ካኼቲ ዋልኩ። የጆርጂያ የወይን አገር እሱ ነው፤ ከዚህ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ። ሲግናጊ አጠገብ ያለ አንድ ቤተሰብ ነው የተቀበለን። ፋሲካን እነሱም እኛም በአንድ ቀን ስለምናከብር በዓሉ ገና ከቤቱ አልወጣም። አዛውንቱ በር ላይ «ክሪስቴ አግስድጋ» አሉኝ፤ ክርስቶስ ተነሥቷል ማለት ነው። ሳላስበው «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብዬ መለስኩ። ቃሉ ባይገባቸውም ምን እንዳልኩ ገባቸው።

የወይን ጠጅ ጓዳቸውን ማራኒ ይሉታል። ስገባ በርሜል አላየሁም። ወለሉ ላይ ክብ ክብ ክዳን ብቻ ነው ያለው። ከእያንዳንዱ ክዳን ስር አንድ ክቬቭሪ ተቀብሯል፤ እስከ አንገቱ መሬት የገባ፣ እንቁላል የመሰለ ትልቅ የሸክላ ዕቃ። ሰው ውስጡ ገብቶ የሚያጥበው አለ። የእኛ ጋን በጠጠር ይደገፋል፤ የእነሱን መሬት ራሱ አቅፎ ይዞታል።

አዛውንቱ ተንበርክከው አሸዋውን በእጃቸው ጠረጉ። ክዳኑ ዙሪያ የተለሰነውን ጭቃ በቢላ ፈለቀቁ። ከዚያ ረጅም እጀታ ያለው መቅጃ አነሱ። ቅል ነው! ስሙን ኦርሺሞ አሉኝ። እኔ ግን አያቴ ጠላ የምትቀዳበት ቅል ነበር የታየኝ።

ወይኑ ሳፔራቪ ይባላል፤ ማቅለሚያ እንደማለት። አብዛኛው ጥቁር ወይን ሲላጥ ውስጡ ነጣ ያለ ነው። የሳፔራቪ ግን ውስጡም ቀይ ነው። ብርጭቆዬን ወደ በሩ ብርሃን አዞርኩት፤ ጠርዙ ላይ ሐምራዊ ሆነ እንጂ መሀሉ ብርሃን አላሳለፈም።

አፈር አፈር ይለኛል ብዬ ነበር። ምንም የለም። መጀመሪያ ሮማን፣ ቀጥሎ የበሰለ እንጆሪ፣ ከዚያ እንዳልበሰለ ሙዝ ምላሴን ጭምድድ አደረገው። ሁለተኛውን ከአይብ ጋር ስጎነጭ ያ መጨምደድ ለቀቀኝ። ከሱቅ የምገዛው ቀይ ወይን ጠጅ እንዲህ አፌ ውስጥ ቆይቶ አያውቅም።

የሸክላው ጣዕም የት ሄደ? ዕቃው ከእሳት እንደወጣ ገና ሳይበርድ ውስጡ በንብ ሰም ይቀባል አሉኝ። ሰሙ የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ይህን ስሰማ ቆም አልኩ። አያቴ ጋኗን በግራዋ አጥባ በወይራ ታጥነው ነበር። ጭሱ ጠላው ውስጥ እንዲገባ ነው የምትፈልገው፤ ጋኑም የጣዕሙ አካል ነው። እዚህ ደግሞ ሸክላው ዝም እንዲል ተደርጓል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ግን እንዲህ መለያየታቸውን ዛሬ ገና ነው ያወቅኩት።

ሥራው ሲነገር ቀላል ይመስላል። በመኸር ወይኑ ተጨምቆ ከነልጣጩ ከነዘሩ ይገባል። እርሾ አይጨምሩም፤ ልጣጩ ላይ ያለው ይበቃል። ልጣጩ ሲንሳፈፍ በቀን ደጋግመው በእንጨት ወደ ታች ይደፍቁታል። ፍላቱ ሲበርድ ከድነው ይለስኑትና ብርዱን ወራት ይተዉታል። መሬቱ ሙቀቱን ይመጥንለታል። አተላው ወደ ሾጣጣው ታች ይሰምጣል። ዩኔስኮ ይህን አሠራር በ2013 በቅርስነት መዝግቦታል። በዚህ አገር የተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ 8,000 ዓመት ገደማ የሆነው የወይን ጠጅ ምልክት ተገኝቷል። እኔን ግን ከዓመቱ ይልቅ የሰውዬው እጅ ነው የነካኝ። ጥፍራቸው ሥር የገባው ቀለም የሚለቅ አይመስልም።

ማዕድ ላይ ብርጭቋቸውን አንስተው ለሞቱት ጠጡ። ልጃቸው ሲተረጉምልኝ አያቴን በስሟ ጠራኋት። እሳቸውም ስሟን ደገሙት፤ እየተኮላተፉ፣ ግን በጥንቃቄ።

ስሰናበት በሁለት ሊትር ሃይላንድ ሞልተው ሰጡኝ። አሁን ጠረጴዛው ላይ ነው። አተላው መዝቀጥ ጀምሯል። እንዳይናወጥ ቀስ አድርጌ ግማሽ ብርጭቆ ቀዳሁ።