የካሜራው ሰዓትና የችሎቱ ሰዓት፦ ከድሬዳዋ የልምምድ ማስታወሻ

የደህንነት ካሜራ ምስልን ለፍርድ ቤት ማስረጃነት መመርመርን በግሌ ማጥናት ስጀምር፣ አብዛኛው ጊዜዬ የደበዘዘ ፊት በማጥራት የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። እስካሁን ያደከመኝ ግን ከፊት ይልቅ ሰዓት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ካሜራ በመትከልና በመጠገን የምተዳደር በመሆኔ ዲቪአር፣ ማለትም የካሜራውን ምስል በሃርድ ዲስክ ላይ የሚቀዳው ማሽን፣ ለእኔ እንግዳ ዕቃ አይደለም፤ ሆኖም ማሽኑ በምስሉ ጥግ ላይ የሚጽፈው ሰዓት በመስቀለኛ ጥያቄ ፊት ይቆም እንደሆነ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።

ያነቃኝ ከዚራ ያለ የአንድ ደንበኛዬ ሱቅ ነው። ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:20 ገደማ ከሱቁ በረንዳ ላይ አንድ ካርቶን ዘይት ጠፋ። ባለቤቱ ደውለው «አቦ፣ ይሄ ማሽንህ ቅዳሜ ማታን ዘሎታል» አሉኝ። ማሽኑ በሚጠቀምበት የፈረንጅ አቆጣጠር ያንኑ ቀን፣ ኖቬምበር 23ን፣ ከፍተው 20:20 ላይ ሲፈልጉ የሚያዩት በቀን ብርሃን የተሞላ ሱቅ ነበር። ነገሩን የተረዳሁት ስደርስ ነው፤ ማሽኑ ከፋብሪካ እንደወጣ በቻይና ሰዓት ላይ እንደቆመ ቀርቷል፣ የቻይና ሰዓት ደግሞ ከእኛ በአምስት ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ የማሽኑ እኩለ ሌሊት የእኛ ምሽት አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተቀዳው የቅዳሜ ምሽት በሙሉ በእሑድ ቀን ስር ተመዝግቧል። አንድ ምስክር በቃሉ «ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት ከሃያ» የሚለው፣ በወረቀት ላይ 20:20 የሚሆነው፣ በማሽኑ ላይ ደግሞ እሑድ ከሌሊቱ 01:20 አካባቢ የሚታየው ቅጽበት አንድ መሆኑን በደረጃ ማሳየት ያልቻለ መርማሪ፣ ምስሉ የቱንም ያህል ጥርት ያለ ቢሆን ጠበቃው በአንድ ጥያቄ ያቆመዋል።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት እዚያው ላይ ነው። ሰዓቱ የተዛባ መሆኑን እንዳየሁ፣ በጥገና ልማዴ ወዲያው አስተካከልኩት። ልዩነቱ ስንት ሰዓት፣ ስንት ደቂቃና ስንት ሰከንድ እንደነበር አልጻፍኩም፣ ፎቶም አላነሳሁም። መደረግ የነበረበት በሰከንድ የሚቆጥርና ከኔትወርክ ጋር የተመሳሰለ ስልክ ከዲቪአሩ ስክሪን ጎን ይዞ ሁለቱን በአንድ ፎቶ ማንሳት፣ ሰዓቱን ግን አለመንካት ነበር። እኔ ያደረግሁት የጣት አሻራ ያለበትን ብርጭቆ አጥቦ ከማስረከብ አይለይም።

ያዳነን ቴሌብር ነው። ባለቤቱ በስልክ ክፍያ ስለሚቀበሉ፣ ቀንና ሰዓት የያዙ አጫጭር መልእክቶች በስልካቸው ውስጥ ነበሩ። ደንበኛው ስልኩን ለባለቤቱ ሲያሳይ በካሜራው በግልጽ የሚታይባቸውን ሰባት ክፍያዎች መርጬ ሳነጻጽር፣ ማሽኑ በአምስት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ግድም ይቀድም እንደነበር ታወቀ። አምስቱ ሰዓት የቻይና ነው፤ አራቱ ደቂቃ ግን ካሜራው ከተተከለ ወዲህ ባሉት አራት ወራት በዝግታ የተጠራቀመ መንሸራተት ነው። በዚህ ስሌት መሠረት ኖቬምበር 24ን ከፍቼ 01:24 ላይ ስፈልግ ካርቶኑ ሲነሳ ተገኘ። ሃርድ ዲስኩ የሚይዘው የአሥራ ስድስት ቀን ያህል ቅጂ ብቻ በመሆኑ፣ ትንሽ ብንዘገይ አዲሱ ቅጂ በላዩ ላይ ይጻፍበት ነበር።

የባለቤቱ የወንድም ልጅ ቀድሞ ስክሪኑን በስልኩ ቀርጾ በቴሌግራም ለዘመድ ሁሉ ልኮት ነበር። እኔ ግን ፋይሉን በማሽኑ በራሱ ቅርጸት፣ ከማጫወቻ ሶፍትዌሩ ጋር፣ በባዶ ፍላሽ ላይ አወጣሁ፤ ወዲያውም የሻ-256 ሃሹን፣ ማለትም ፋይሉ በጥቂቱም ቢነካ የሚለወጠውን የፋይሉን የጣት አሻራ፣ አስልቼ 64ቱን ፊደልና አኃዝ ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከማሽኑ መለያ ቁጥር ጋር በወረቀት ላይ አሰፈርኩ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ስለ ዲጂታል ማስረጃ ተቀባይነትና ትክክለኛነት ድንጋጌዎች አሉት፤ ለእኛ ለቴክኒክ ሰዎች ግን ተግባራዊ ትርጉሙ ቀላል ነው፣ ዋናው ፋይል አይነካም፣ የሚሠራው በቅጂው ላይ ነው። ባለቤቱ ጉዳዩን በሽምግልና ጨርሰውታል። ፋይሉን ለልምምድ እንድጠቀምበት ፈቅደውልኛል።

ቅርጸት መቀየር ያለውን አደጋ ያሳየኝ የጎረቤቴ ባጃጅ ነው። በሱቁ ፊት ለፊት ባሉ ሁለት ምሰሶዎች መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ለክቼ 18 ሜትር አገኘሁና ጎረቤቴን በዚያ እንዲያልፍ ለመንኩት። ቅጂውን በነፃ መቀየሪያ ሶፍትዌር ወደ ተለመደው የቪዲዮ ቅርጸት ወደ ኤምፒ4 ለውጬ ፍሬሞቹን፣ ማለትም ቪዲዮው የተሠራባቸውን ነጠላ ሥዕሎች፣ ስቆጥር፣ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ 30 ፍሬም ነው። መቀየሪያው በሰከንድ 25 ፍሬም ብሎ ስለጻፈ ጊዜው 1.2 ሰከንድ፣ ፍጥነቱም በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ሆነ። ጎረቤቴ ሳቀብኝ፤ በሃያ አምስት አካባቢ ነበር የነዳሁት አለ። ዋናውን ፋይል ስመረምር ማሽኑ የሚቀዳው በሰከንድ 12 ፍሬም ኖሯል። ያን ጊዜ 30 ፍሬም 2.5 ሰከንድ ስለሚሆን፣ ፍጥነቱ ወደ 26 ኪሎ ሜትር ወረደ። ሥዕሎቹ አንድ ናቸው፣ ርቀቱም አንድ ነው፤ አንደኛው ስሌት ግን በትራፊክ አደጋ መዝገብ ላይ ቢቀርብ ሰውን ሊያሳስር ይችል ነበር።

ስለ ልብስ ቀለምም አንድ ነገር ልጨምር። ባለቤቱ ካርቶኑን ያነሳው ሰው ነጭ ጃኬት ለብሷል ብለው ነበር። ካሜራው በጨለማ ወደ ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ለዓይን ወደማይታይ ብርሃን፣ እንደሚዞር ስለማውቅ፣ ሦስት ጥቁር ልብሶች በዚያው በረንዳ ላይ ሰቅዬ ሞከርኩ። ከሦስቱ አንዱ፣ ፖሊስተር የሆነው ጃኬቴ፣ ነጭ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ታየ። ከዚያ ወዲህ በማስታወሻዬ ላይ የሌሊት ምስልን በተመለከተ «ፈዘዝ ያለ ሆኖ የሚታይ» እንጂ «ነጭ» ብዬ አልጽፍም።

ሰዓቱን ካስተካከልኩ በ21ኛው ቀን ማሽኑ 42 ሰከንድ ቀድሞ አገኘሁት፤ ይህም በቀን ሁለት ሰከንድ ነው፣ ከቀድሞዎቹ አራት ደቂቃዎችም ጋር ይገጥማል። የማሽኑን ሰዓት የሚቆጥረው ክሪስታል በሙቀት የሚዛባ በመሆኑና ዲቪአሩ የተቀመጠው ማራገቢያ በሌለው ቁም ሣጥን ውስጥ በመሆኑ፣ አሁን በየሰኞው ጠዋት ስልኬንና ስክሪኑን በአንድ ፎቶ እያነሳሁ እመዘግባለሁ። ግንቦት ሲገባ ይህ ሁለት ሰከንድ ይለወጥ እንደሆነ አይቼ ቁጥሮቹን አካፍላችኋለሁ።