ስንቅ ስታቀብሉ አትጠይቁት

ልጇ ሰው ገደለ ተብሎ የተያዘባት እናት፣ ደሴም ትሁን ወልዲያ፣ መጀመሪያ የምትለው ያው ነው፦ «ዶሮ እረድ ሲሉት እጁ የሚንቀጠቀጠው ልጄ?» አባት «ሰው አስገብቶት ነው» ይላል። ፍቅር ብቻ አይደለም የሚያስክዳቸው። ወሎ ውስጥ ደም የአንድ ሰው ዕዳ ሆኖ አይቀርም፤ ወንድምም አጎትም መንገድ ይፈራል። «አዎ» ማለት ለዘመድ ሁሉ ማለት ነው።

አለማመን መብታቸው ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ተከሳሹ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል ይላል። ጉዳቱ የሚመጣው ክህደቱ እጅና እግር ሲያወጣ ነው።

ጣቢያው በር ላይ እናት ምሳ ዕቃዋን ትከፍታለች። «ቅመሺ» ትባላለች፤ ከእንጀራው ጫፍ ቆርሳ ወጡን አስነክታ ትጎርሳለች። ጉርሻውን ሳትውጥ «አላደረግኸውም አይደል ልጄ?» ትለዋለች። ተረኛው ፖሊስ ቆሟል፣ ሌላው ታሳሪም ይሰማል። «አደረግሁት» ካለ የሰማ ሁሉ ምስክር ሊሆን ይችላል። «ወላሂ እኔ አይደለሁም» ካለ፣ ለእናቱ የማለውን ለጠበቃው ማፍረስ ያሳፍረዋል። በእኔ ግምት ይኼኛው ይብሳል።

ለምን ቢባል፣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የግድያ ዓይነቱ ብዙ ነው። ከባዱ፣ አንቀጽ 539፣ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። ተራው፣ 540፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። ራሱን ሲከላከል ከልክ ያለፈ ወይም ክፉኛ ተቆስቁሶ የገደለ ደግሞ በ541 ቢበዛ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው። «ቦታው ላይ አልነበርኩም» ያለ ሰው «ዱላ ሲያነሳብኝ ነው» ብሎ መከራከር ይቸግረዋል።

ቤተሰብ ጎረቤት ሰብስቦ «እኛ ቤት ነው ያደረ» የሚያሰኘው ነገርም አያዛልቅም። ዐቃቤ ሕጉ አንዱን «ራት ምን በላችሁ?» ሌላውን «መብራት ነበር?» ሲላቸው ነገሩ ይፈርሳል፤ በሐሰት መመስከር ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ደም የነካው ጃኬት ከተገኘም አይታጠብ፣ አይቃጠል፤ ከምንም በፊት ለጠበቃ ይነገር።

የሚጠቅመው ሰዓት መያዝ ነው። በስንት ሰዓት ተያዘ? የጉዞው ጊዜ ሳይታሰብ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ፖሊስ የሚጠይቀው የምርመራ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አያልፍም። ክሱ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያስቀጣ ሆኖ ተጎጂው ከሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ከሆነ ግን ዋስ ፍለጋ አትድከሙ። ጠበቃ መክፈል ካልቻላችሁ መንግሥት እንዲያቆምለት ችሎት ላይ ይጠይቅ።

ቀሪው የአበጋሩ፣ የወሎው ደም አስታራቂ ሽማግሌ፣ ነገር ነው። እርቁ የዐቃቤ ሕግን የግድያ ክስ አያስቀርም፤ ቂሙን ያበርዳል፣ ለቅጣት ማቅለያም ሊቀርብ ይችላል። ደም የሚደርቀው ግን የገዳይ ወገን ሲለምን ነው፤ «ልጃችን የለበትም» ብሎ በር የዘጋ ቤት ሽማግሌው የሚይዘው የለውም። ጠበቃው አሁን ምንም እንዳትናገሩ ካለ፣ አባት ይህን ያህል ቢል ይበቃዋል፦ «ነገሩ በሕግ ተይዟል፤ በሱ ላይ ቃል አልሰጥም። የሟች እናት ሐዘን ግን የኔም ነው፤ ይህንን አድርሱልኝ።»