መጀመሪያ ወሩን፣ ከዚያ ቦርዱን

«ለሶላር የሚሆን ትንሽ ኮምፒውተር የቱ ይሻላል?» የሚል ጥያቄ በቴሌግራም በየጊዜው ይደርሰኛል። ጠያቂው የሚጠብቀው የአንድ ቦርድ፣ ማለትም ሁሉ ነገሩ በአንዲት ሰሌዳ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ስም ነው። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፦ «በየትኛው ወር፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚሠራው?» አንዳንዱ ያሾፍኩበት ይመስለዋል። ግን ቦርዱን የሚመርጥላችሁ ይሄ ጥያቄ ነው።

መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ላለ አንድ ትምህርት ቤት የሠራሁትን ልንገራችሁ። መብራት የለም። ኢንተርኔትም የለም። ቤተ መጻሕፍት የሚሉት ክፍል ግን አለ፣ በእርዳታ የተገኙ ያገለገሉ ታብሌቶችም አሉ። የተፈለገው ኪዊክስ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ዊኪፒዲያንና የትምህርት ጽሑፎችን ያለ ኢንተርኔት ማስነበብ ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከነሥዕሎቹ 100 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ አንድ ሜሞሪ ካርድ ይችለዋል። የአማርኛው አጠገቡ ሲቀመጥ ቦታ መያዙም አይታወቅ። ይሄ ለሌላ ቀን የሚቆይ ብሶት ነው።

አሁን ወደ ወሩ። «የ13 ወር ፀሐይ» እያልን ለቱሪስት ስንሸጥ ኖረናል። ሐምሌን በደጋ ያሳለፈ ሰው ግን ያውቀዋል፤ ፀሐይዋ ለቀናት ብቅ ላትል ትችላለች። ስለዚህ የሶላር ሥራ ሁሉ የሚሰላው በመጥፎው ወር ነው ይባላል። ልክ ነው። ግን የማን መጥፎ ወር? ትምህርት ቤቱ ከሐምሌ እስከ ጳጉሜ ዝግ ነው። ክረምቱ ሲጠቁር የሚያነብ ተማሪ የለም። ለእኔ የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ በልግ። መንዝ የበልግ አገር ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ትምህርት በሙሉ ኃይሉ እየሄደ ሰማዩ ይደፈናል። ደግነቱ የበልግ ደመና እንደ ክረምቱ ሳምንት ሙሉ አይከርምም። ስለዚህ ለሦስት ጨለማ ቀን የሚበቃ ባትሪ ካለ ይበቃኛል አልኩ።

ሰዓቱም ቀላል ነው። ክፍሉ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ይከፈታል፤ ስምንት ሰዓት መሆኑ ነው። ማታ ማንም የለም። ይሄን ካወቅን በኋላ ነው ስለ ቦርድ የምናወራው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ራስበሪ ፓይ 5ን ነው፤ አዲስ ስለሆነ። በ2023 የወጣ ግሩም ማሽን ነው፤ ግን 5 ቮልት በ5 አምፒር የሚሰጥ ቻርጀር ይፈልጋል፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ እንኳን ወደ 3 ዋት ይበላል። ለዚህ ሥራ እሱን ማምጣት አንድ እንስራ ለመሙላት ቦቴ እንደመላክ ነው። ደግሞ አንድ የማይወራለት ጉዳይ አለው። ከፋብሪካ እንደመጣ ከተተወ፣ «ሹት ዳውን» ካላችሁትም በኋላ ከ1 ዋት በላይ መሳቡን አያቆምም። ማስተካከያ አለው፣ ግን መኖሩን ማወቅ ይጠይቃል። በ16 የማታ ሰዓት ብታባዙት የጠፋ ኮምፒውተር በአንድ ሌሊት ከ16 ዋት ሰዓት በላይ ጨረሰ ማለት ነው።

ከዚያው ቤተሰብ ፓይ 4 መካከለኛ ነው። ሳይሠራ 3 ዋት ገደማ፣ ተማሪ ሲገባበት በአማካይ 4 ዋት ብዬ ያዝኩለት። እኔ የመረጥኩት የዚያኑ ቤተሰብ ትንሹን፣ ዜሮ 2 ደብሊውን ነው። በ2021 በ15 ዶላር የወጣ፣ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ረዘም የሚል ቦርድ ነው። አራት ኮር፣ 512 ሜጋባይት ራም። ስክሪን ሳይሰካበት ዝም ሲል ከ1 ዋት በታች ነው፣ በሥራ ላይ በአማካይ 1 ዋት ያዝኩለት። ራሙ ያንሳል የሚል ክርክር ይነሳል። ለኪዊክስ አያንስም፤ ጽሑፍና ሥዕል ማቀበል ከባድ ሥራ አይደለም። መምህራኑ የተማሪ አካውንት፣ የፈተና ውጤትና ቪዲዮ የሚይዝ ሥርዓት ፈልገው ቢሆን ኖሮ ሳልከራከር ወደ ፓይ 4 እሄድ ነበር።

አሁን የሚያናድደው ነገር መጣ። ክፍሉ ሲሞላ የዜሮው የራሱ ዋይፋይ ያንን ሁሉ ታብሌት አይችልም። ስለዚህ ትንሽ ራውተር ተጨመረ፤ እሱ ደግሞ 2.5 ዋት። ከኮምፒውተሩ ከእጥፍ በላይ! ስለ ቦርድ ዋት ሲከራከሩ የሚያድሩ ሰዎች ይሄን አይቆጥሩም። ሁለቱ አንድ ላይ 3.5 ዋት ነው፤ በስምንት ሰዓት 28 ዋት ሰዓት። ከ12 ቮልት ወደ 5 ቮልት ሲወርድ የሚባክነውን፣ ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው ቻርጅ ኮንትሮለር ሌት ተቀን ለራሱ የሚስበውን ስጨምር በቀን 36 አካባቢ ደረሰ። በፓይ 4 ቢሆን በዚሁ ስሌት 64 ይሆን ነበር።

እግረ መንገዴን፦ ኢንቨርተር አትግዙ። ባትሪውን ወደ 220 ቮልት አውጥቶ፣ እዚያ ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክቶ መልሶ ወደ 5 ቮልት ማውረድ በየቦታው የማየው ልማድ ነው። ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት ብቻውን ጥቂት ዋት ይበላል፤ ይሄ ዜሮው ቀኑን ሙሉ ከሚበላው ይበልጣል። ጥሩ የ12 ወደ 5 ቮልት ኮንቨርተር ፈልጉ። ኤልኤም2596 የሚባለው ርካሹ በሙቀት የሚያባክነው ብዙ ነው፤ ከ90 በመቶ በላይ የሚያሳልፉ አዳዲሶች አሉ። ኬብሉም አጭርና ወፍራም ይሁን። ፓይ ቮልቱ ከ4.63 ሲወርድ ያስጠነቅቃል፣ በቀጭን ኬብል ደግሞ እዚያ መድረስ ቀላል ነው። ቦርዱ ተበላሸ ተብሎ ከሚመጣልኝ ውስጥ ስንቱ የኬብል ጣጣ ነው!

ባትሪው ላይ ብዙ አሰብኩ። መርካቶ ገብታችሁ የሶላር ባትሪ ስትሉ በቅድሚያ የሚወጣላችሁ የእርሳስ አሲድ ነው። የ12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓቱ በወረቀት 84 ዋት ሰዓት ነው፣ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀሙት። 42 ማለት ለእኛ አንድ ቀን ከትንሽ ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ይወደዳል። የ12.8 ቮልት 12 አምፒር ሰዓቱ 153 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ 80 በመቶውን ያለ ስጋት ትጠቀሙበታላችሁ። 123ን ለ36 ስታካፍሉት ከሦስት ቀን በላይ፤ የበልጉ ሒሳብ ገጠመ። በፓይ 4 ግን ሁለት ቀንም አይሞላ። የቦርዱ ምርጫ ኪስ ውስጥ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ በዚያ በኩል ብትሄዱ ባትሪው እጥፍ ሊሆን ነው።

የመንዝ ብርድ ደግሞ ሌላ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ይጎዳል። ስለዚህ ባትሪው ምሰሶ ላይ ሳጥን ውስጥ ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ፣ መሬት ሳይነካ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ፓነሉ ግን ብርድ ይወዳል፤ ሲግል ነው የሚደክመው። ባለ 50 ዋት ሰቀልን። ለጠራ ቀን ይተርፋል፣ የተገዛው ግን ለደፈነው ቀን ነው።

ስንጨርስ የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ፣ ነገር የማያልፋት ሴትዮ፣ «ወንድምዓለም፣ ማታ ማታ ይሄን ማነው የሚያጠፋው?» አሉኝ። ስለ አውቶማቲክ ሰዓት ቆጣሪ ማብራራት ጀመርኩ። «ተወው በቃ፣ በሩን የምቆልፈው እኔ አይደለሁ? ማጥፊያውን በሩ አጠገብ አድርግልኝ» አሉ። አደረግኩ። የሚበላሽ ነገር አንድ ቀነሰ። ግን ፓይ የሚሠራበት ሥርዓት ሊኑክስ ነው፤ እሱ ላይ መብራት በድንገት መቁረጥ ኤስዲ ካርዱን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ካርዱ በንባብ ብቻ እንዲሠራ ተደረገ፤ ራስበሪ ፓይ ሶፍትዌሩ ውስጥ ምርጫው አለ። አሁን ሴትዮዋ ጠቅ አድርገው ወደ ቤታቸው ነው።

ዜሮው ሲጠፋ የሚቆጥር ሰዓት የለውም፣ ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ ቀኑን የሚነግረው የለም። ዲኤስ3231 የምትባል ባለ ባትሪ ሰዓት ጨመርኩለት። ለንባቡ ግድ ባይሆንም መምህራኑ ስንት ሰው እንደተጠቀመ በየቀኑ ማየት ይፈልጋሉ።

ከዚያው አካባቢ አንድ የመስኖ ባለሙያ ይሄን አይቶ «ለወንዙም አንድ ሥራልኝ፣ የውሃውን ከፍታ በየሩብ ሰዓቱ የሚመዘግብ» አለኝ። ተመሳሳይ ይመስላል። ተቃራኒው ነው። ወንዝ የሚለካው በክረምት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ዋናው ወር ሆነ። ሌሊትም ይሠራል። ፓይ እዚህ አያዋጣም፣ ዜሮውም ቢሆን፤ ፓይ እንደ ስልክ የሚያንቀላፋበት ዘዴ የለውም። እዚህ ኮምፒውተሩን ትቶ ወደ ማይክሮ ኮንትሮለር፣ አንድ ሥራ ብቻ ወደሚደጋግም ትንሽ ቺፕ፣ መውረድ ነው። ከእነዚህ አንዱ ኢኤስፒ32 በጥልቅ እንቅልፉ ቺፑ ብቻ 10 ማይክሮ አምፒር አካባቢ ነው የሚስበው። ነቅቶ ይለካል፣ ይመዘግባል፣ ይተኛል። ሲገዛ ግን ቦርዱን ማየት ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ላይ ያለችው ቀይ መብራትና የዩኤስቢ ቺፕ ከተኛው ቺፕ መቶ እጥፍ ይበላሉ።

ፓነሉም እንደ ትምህርት ቤቱ ወደ ደቡብ ዘንበል ማለት የለበትም። በእኛ አገር ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ መሐል ሜዳ ላይ ሰኔ 14 ከአናት 13 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ታልፋለች። የውጭ አገር ቪዲዮ አይታችሁ ወደ ደቡብ አቅኑ ሲሏችሁ ለአውሮፓ ነው የሚያወሩት። ለወንዙ ወደ ሰሜን ጥቂት አዘንብሎ መስቀል ነው፣ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ያህል። ቦርዱ ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ታዟል። ምሰሶው ክረምቱ ሳይገባ መቆም አለበት፤ ከዚያ በኋላ ወንዙ አያስጠጋም።